ሮንዴላ

ከሳሙና በር ዝቅ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣
ጓንጉል ተንጋሏል፣ ካርቶን ላይ፣ ማልዶ።
ከበላዩ ኡራል፣ የወታደር መኪና፣
ስንት ዳገት የጠጣ፣ ስንቴ የሞተና
ስንቴ የተነሣ።

ሬዲዮ ከመስኮቱ፣ በሽቦ ታስሮ፣
ያወራል የሩቁን፣ የሰሜኑን ኑሮ፦
«ባለ በረዶውና ባለ ግንቡ አገር
ዛሬ ተፈራረሙ፤ በሸንጎም በጦር
ላይለያዩ ማሉ፤
ሲጨባበጡማ ጥርስ በጥርስ ነበሩ አሉ።»

«ግንብማ እኛም አለን» አለና ይርሳው፣
አሥራ ሰባት ቁልፍ ጠርጎ አቀበለው።

ጓንጉል መልስ አልሰጠም፤ ሌላ ነው ነገሩ፦
የቡሎንና የዳዶው ለየቅል ነው አገሩ፤
አንዱ ከሞስኮ ነው፣ አንዱ ከቤጂንግ መጥቷል፤
ጥርስና ጥርሳቸው አልገጥም ብሎታል።
ሞረድ አነሣ፤ ብናኙ ደረቱን ሸፍኖታል።

«የቱን ነው የምትሞርደው?»
«ለስላሳውን ነዋ።»
«የትኛው ነው እሱ?»
«ሞርደህ ነው የምታውቀው።»

አላለቀም ደግሞ፤ ቢዋደዱም እንኳ
ክፍተት አለ መሃል።
ከሰርዲን ቆርቆሮ፣ ከዝገት መካከል፣
አንዲት ሮንዴላ ለቅሞ አወጣት፣
ቀጭን፣ ማኅተም የሌላት፤ መሃል አስገባት።
አጠበቀ።
ሲጢጥ አለች አንዴ።
ከዚያ ዝም።

ኡራሉ ተነሣ፤ ሰፈሩን በጭስ ሞላው፤
ሬዲዮው የሚያመሰግን ሁለቱን ብቻ ነው።
ይርሳው ከቆርቆሮው ሲያወጣ ሌላ፣
በቲሸርቱ ጠረጋት፣ ያችን ሮንዴላ፣
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አነሣት ወደ ግንብ፦

ቀዳዳዋ ቻለችው፣
ሙሉውን፣ ከነርግብ።