መቃኑ

ማሞቂያው ከሞተ አሥራ ሰባት ቀኑ፤
በክሊቭላንድ ምሥራቅ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ
ምድር ቤት ወረድን፣ ካፖርት ሳናወልቅ፣
ከታጣፊው ወንበር ሥር እግራችን ሲደርቅ።

ባለ ሕንፃው ማነው?
እኔ ሌሊት ሌሊት ክሊኒኩን ስጠርግ
የሚያልፈኝ ሰው ነው፣ በሽቶ፣ በማዕረግ፤
ዶክተር ሉሽየስ ፔታዌይ፣ የጥርስ ሐኪም፣
ኪራያችንን እንጂ ስማችንን አያውቅም።

ቆዳችን አንድ ጥቁር፤ ኪሳችን ግን ባዳ፤
እርሱ ከኮረብታው፣ እኛ ከጎድጓዳ።
አባቱ ሳንባውን በብረት ማቅለጫ
አቃጥሎ ሠራለት የኮረብታ መውጫ፤
መሰላሉን ታዲያ ከሥር የደገፈ
ማነው? ይኸው ሰፈር፣ ጣቱ የተላጠ፣ ወገቡ ያለፈ።

እኛስ? እኛም አለን የየራሳችን ደርብ፤
የፖስታ ቤት ጡረተኛው፣ ሽማግሌው ሆሬብ፣
«በድጎማ ከሚያድር ስሜ አይቀላቀል» ብሎ
ተቀመጠ ለብቻው፣ ባርኔጣውን ሰቅሎ።

ኦዴሳ ተነሣች፣ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ፣
በብስኩት ቆርቆሮ፣ ደግ ኪራይ ሰብሳቢ፤
«ብርዱ» አለች «ደረሰኝ ጠይቆ አይገባም፤
ሆሬብ፣ ያንተም ቧንቧ ከኔ ቀድሞ አይፈላም።»
ሳቅን። እርሱ አልሳቀም። ግን አወጣ እርሳስ፣
ፈረመ በደቃቁ፣ ሳያነሣ ራስ።

የአርባ አንድ ቤት ኪራይ ቆርቆሮ ውስጥ ታሽጎ፣
በሳምንቱ መጣ፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፤
«የናንተው ልጅ አይደለሁ? በዚሁ ኮሪደር
ዳዴ ብዬ ያደግሁ፤
ገመናን ለነጭ ዳኛ ለምን እንንገር?»

ኦዴሳ መልስ የላት። በክንዱ ያዘችው፣
የአሥራ አራት ቁጥርን በር ከፍታ አሳየችው፤
መቃኑ ላይ በእርሳስ፣ የእናቱ ጽሕፈት፣
«ሉሽየስ፣ ስድስት ዓመት።» «ሉሽየስ፣ ዘጠኝ ዓመት።»
ቤቱ በተቀባ ቁጥር ያቺን ስንዝር ዘለናት።
«ቁመትህን» አለች «ጠብቀን አቆየን፤
አንተስ ስንት ዲግሪ ለክተህ ሰጠኸን?»

በጓንቱ ነካው። ዝም አለ። ወጣ።
በአራተኛው ቀን ቧንቧ ሠሪው መጣ።

ሆሬብ «ልቡ ራርቶ ነው» ይላል እስካሁን።
እኔ ግን ይዤዋለሁ፣ ያንን ቆርቆሮውን፤
ክብደቱን አውቃለሁ።
ማክሰኞ ከማዶው ሕንፃ ቀጥረውናል፤
ወንበሩን በዚህ ጊዜ ሆሬብ ይሸከማል።