ሕመሙ የማን ነው

ከሌሊቱ ስምንት፤ ዝናቡ አላባራም፣
አዌቱ ድልድዩን ቢታከክ እኔን አያስፈራራም፤
እኔን ያስፈራኝ ከብረቱ ቁምሳጥን፣ ከመስተዋቱ በር
ሦስተኛው ድራይቭ ላይ የበራው ቢጫ መብራት ነበር።

ስድስት መቶ ቴፕ በየሰፈፉ እንደ ንብ እጭ ተኝቶ፣
ሮቦቱ አንዱን ይዞ ቆሟል፣ የሚጎርስለት አፍ አጥቶ።
«ጽዳት ያስፈልጋል» ይላል ስክሪኑ፤
የጽዳቱን ካሴት ሁለቴ አጉርሼዋለሁ በቀኑ።
ቢጫው ጠፋ፤ ደግሞ በራ፣
እንደ ሕፃን ትኩሳት፣ ሲመሽ የሚያገረሽ፣ ሲነጋ የሚያባራ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ሐኪሟ ትመጣለች፤
«የከሊፋ አባ ዲማን የራስ ምስል፣ የዛሬ ስድስት ዓመቱን» ብላለች።
ከትናንቱ ጋር ታስተያያለች፤
እብጠቱ አድጎ እንደሆን ትከፍታለች፣
እንደነበረ ካለ ትተዋለች።

ከሊፋ በርጩማ ጠራቢ ነው፣ ሄርማታ ገበያ ዳር።
ትናንት ኮሪደሩ ላይ ራሱን በሻሽ አስሮ፣ ሳይቸኩል ሲናገር፣
«ባለ ሦስት እግር አይዋልልም» አለኝ፣ «ወለሉ ቢጎረብጥም፤
አራተኛ የጨመርሽ ዕለት፣ የትኛው እንዳጠረ አታውቂም።»

ጧሂር ቢኖር በጆሮው ይለየው ነበር፤
ግንባሩን ከብረቱ አስደግፎ
«ይሄ ሞተሩ ነው፣ ይሄ የማንበቢያው ራስ» እያለ ሲመረምር።
አምና ሁለተኛው ድራይቭ ሲሞት «በአግባቡ አልያዘም» ተባለ፤
ደብዳቤ ተጻፈ፣ የወር ደሞዝ ተቆረጠ፣ እሱ ምንም አላለ።
አሁን አጋሮ ነው፣ የውሃ ፓምፕ ይጠግናል ይላሉ።
እኔ ደውዬለት አላውቅም።

ቅጹን ሞልቻለሁ፦ «ሦስተኛው ይቀየር»፤ ፊርማዬ ብቻ ቀረ፤
እጄ ግን አመነታ። አራተኛው እግር ማነው? የቱ ነው ያጠረ?

ሎጉን ወደ ኋላ ገለበጥሁ፤ ሰኔ፣ ግንቦት፣ የካቲት፣ እስከ አምና መስከረም፤
ሰባት ውድቀት አገኘሁ፤ ድራይቮቹ አንድ አይደሉም፣ ቀኖቹም አንድ አይደሉም።
በሰባቱም ቀን ግን፣ ከመውደቃቸው በፊት፣
የጎረሱት አንድ ቴፕ ነው፤ ያው ባርኮድ፣ መጨረሻው ሰባ ስድስት።

አውጥቼ፣ ክዳኑን ገለጥ አድርጌ በባትሪ ባየው፣
ጠርዙ ተሸብሽቧል፣ አይጥ እንደቀመሰው።
የገባበትን አፍ ሁሉ እያቆሰለ፣
ሲወጣ ንጹሕ እየመሰለ።

የከሊፋም ምስል ያለው እዚያው ላይ ነው።
ሁለተኛው ቅጂ አምና ሁለተኛው ድራይቭ ሲሞት አብሮ ተበላ።
ያልታመመ አንድ ድራይቭ አለኝ፤ አንደኛው፤ ከሱ በቀር የለም ሌላ።
ልስጠው? እጄን ታጠብሁ፣ ምን እንደሚረባ እንጃ፤
ሰጠሁት።

ጎተተ፣ ቆመ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣
ያንኑ ስንዝር አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ዳሰሰ፤
አሊፍ ባ እንደጀመረ ልጅ እየተንተባተበ፣
እየተቆጣሁትም፣ እየለመንሁትም፣ አነበበ።

ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ምስል ሁለት መቶ ዘጠኙ ወጣ።
ሦስቱስ? እብጠቱ ሦስቱ ውስጥ ይሆን? ሐኪሟ ትወቅ፣ ትምጣ።

ሲነጋ መዝገቡ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦
«ጥፋቱ የቴፑ ነው። የሦስተኛው አይደለም። የሁለተኛውም አልነበረም።»
ቀጥሎ «ተጠያቂ ሰው» የሚል ሳጥን አለ፤
ያለቦታው የተጻፈ ስም የሚነሣበት ሳጥን ግን በቅጹ አልተሣለም።

ሰባ ስድስትን በላስቲክ ጠቅልዬ፣
የሎጉን ቅጂ አጥፌ ከቦርሳዬ፣
በሩ ላይ ዘበኛውን ጠየቅሁት፣
«የአጋሮ ሚኒባስ፣ የመጀመሪያው፣ በስንት ሰዓት ነው?»
ጃንጥላውን አራገፈና
«ሲሞላ ነው» አለኝ።