መፍሰሻ

ቅርያት ጋት፣ ሐሙስ ማታ፣ ከሕንጻው ሥር ሚክላት ውስጥ፣
የዕድራችን ወንበር ተደራርቦ፣ ድንኳኑ ታጥፎ ጥግ ሲቀመጥ፣
እኔ ከኮምፒውተሩ ፊት፣ ጫማዬን አውልቄ፣
ሦስት መዝገብ ከፍቼ፣ በመስኮቱ ብርሃን ዐይኔን አድርቄ።

አንዱ የድሮው ነው፣ ጋሼ እንየው በእጁ የሞላው፤
አንዱ ከገዴራ የተዛወሩት፤
አንዱ የልጆቹ፣ በስልክ ተልኮ የመጣው።

የኮሚቴው ቃል አጭር ነው፦
«ሦስት ወር ያልከፈለውን አውጪልን።
ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ሲወጣ፣
ስሙን አንብበን እንሰርዛለን።»

ድሮ ቢሆን በጣቴ ነበር፣ መስመር በመስመር ስወርድ የማድር፤
ዘንድሮ ግን ቀመር አለ፣ ቅንፍ በቅንፍ የሚደረደር፣
ከሆዱ የሚጀመር።
መጀመሪያ ቁልል፤ ሦስቱን መዝገብ አንዱን ባንዱ ራስ፣
ከዚያ አጥልል፤ የከፈለ ይውረድ፣ ያልከፈለ ከወንፊቱ ይመለስ፣
ድርብ የተጻፈውን ነጥል፣ በመጨረሻም ደርድር፣
ሀን አስቀድመህ፣ ፐን አስከትለህ፣ ሰው እንዳይጋፋ በግርግር።
አራት ትእዛዝ በአንዲት ሕዋስ። የምጽፈው አንዴ ነው፤
እሱ ራሱ ወደ ታች ይፈሳል፣
የስሙ ብዛት ነው ልኩ፣ ስሙ ሲያልቅ የሚያቆመው።

ከጋሼ እንየው ገጽ ጎን ጻፍሁት።
ሰንጠረዡ ዕብራይስጥ ነው፣ ከቀኝ ይጀምራል፤
ስማችን ከግራ። መሐል ላይ ይገናኛል።

ተጫንሁት።
አልፈሰሰም።
መፍሰሻው ተዘግቷል አለኝ፣
ባዶ ሜዳ ፊቴ ተዘርግቶ፣ አንድም ቃል የሌለበት፣
ዐይን እስኪደክም ነጭ፣ ምን እንደዘጋው የማይታወቅበት።

ሕዋስ በሕዋስ ዳበስሁ። ዐሥራ አራተኛው ረድፍ ላይ
ባዶ መስላ ባዶ ያልሆነች አገኘሁ፤
በነጭ ቀለም በነጭ ላይ የተጻፈ፣
ከላይ በቀመሩ መስኮት ብቻ የሚነበብ፦

«የዝማም ወርኃዊ ከኔ ይያዝ። ለሷ አይነገር። እንየው።»

ከሞተ አራት ወሩ ነው።
ስሙ እንየው፤
ያደረገውን ግን ማንም እንዳያየው።
ዐርባ ሸቀል በየወሩ፣ ለዘጠኝ ዓመት፣
በዝማም ረድፍ ይገባ ነበር፤
እሷም አልጠየቀች፣ መንግሥት የከፈለ መስሏት።

አንድ ቁልፍ ብነካ ይጠፋል፣ ይፈሳልም። ጣቴን አነሣሁ።
ወደ ቤርሼባ የሚወርደው ባቡር የብረቱን በር አንቀጠቀጠ፤
እስኪያልፍ ሰማሁ።
ከዚያ ቀመሩን ቆርጬ ሁለት ዓምድ ፈቀቅ አድርጌ ተከልሁት፤
የሙት ቃል በቦታው ይደር ብዬ፣ እኔ መንገድ ለቀቅሁለት።

ፈሰሰ።
ዐሥራ አንድ ስም፣ ከላይ እስከ ታች፣ እንደ ጤፍ ከአቁማዳ፤
ቀመር አያውቅም የማን ዘመድ፣ የማን እንግዳ።

ሦስተኛዋ ሽታዬ። ሽታዬ እኔ ነኝ።
ገንዘብ ያዧ ባለዕዳ፤ ሳቄ አመለጠኝ።
ልጅ ሆኜ ሲመዘግቡን፣ ጸሐፊዋን ምላሷ እንቢ ቢላት
ሺራ ብላ ጻፈችኝ፤
ሺራ በየወሩ ከፍላለች፣
ሽታዬ በድሮው መዝገብ ቀርታ ዕዳ አለባት።
ነጥል ያልሁት ቀመር ሁለት ሰው አድርጎ ቆጠረን።
ተሳስተሃል ልለው አሰብሁና
ተውሁት፣ እርግጠኛ አይደለሁም።

ዘጠነኛዋ ዝማም።

ቦርሳዬን ከፈትሁ። መቶ ሃያ ሸቀል ቆጥሬ
ከቆርቆሮው ሣጥን ጨመርሁ፤
በረድፏ ላይ ሦስት ጊዜ ዐርባ ጻፍሁ።
ቀና ብል፣ ማንም ሳይነካው፣ ዝርዝሩ ዐሥር ሆኗል፤
ከሷ በታች የነበሩት ሁለቱ ወደ ላይ ተጠግተዋል፣
ወንበር ሲለቀቅ ለቀስተኛ እንደሚጠጋ።

ሽታዬን አልነካኋትም።
ከእንየው ቃል ሥር፣ በነጩ ቀለም፣
የዝማምን ወደፊት ከሽታዬ ያዙ ብዬ ጻፍሁ።
ቅዳሜ ማታ ስሟን ያነባሉ። ይሰርዟት።

መብራቱን አጥፍቼ በእግሬ ጨለማውን ዳበስሁ፤
አንዱ ጫማዬ ከድንኳኑ ሥር ገብቷል።