ከልብ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ዬና ከተማ ስኖር፣
ሥራዬ ሌንስ መሞረድ፣ ሩቁን አቅርቦ ለሚያሳይ መነጽር፤
ጨረቃን ያየባት ይኖራል፣ በጣቴ በወለወልኳት ብርጭቆ፣
እኔ ግን አንገቴን ሰብሬ፣ ዓይኔ ከሥራው ላይ ተጣብቆ፣
ያ ነጭ ገደል ከቤቴ ጀርባ፣ ያ ቀጭን መንገድ፣
ጠይቄ አላውቅም ወዴት እንደሚሄድ።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር፣
የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ፣ የፍራው ሂልትሩድ ዳሌ ሲሰበር፣
በሯን ገርበብ አድርጋ፣ በምርኩዟ ወደ ወለሉ ጠቁማ፣
«ሩዲን አናፍስልኝ፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ» አለችኝ ደክማ።

እኔና ውሻ!
ባቴ ላይ ጠባሳ አለኝ፣ የልጅነት ንክሻ፣
በእኛ አፍ ደግሞ ስድብ ነው፣ ተጣልተን ስንለያይ የምንወረውረው የመጨረሻ።
ደግሞስ ሩዲ ውሻ ነው እንዴ? ወገቡ የትናየት፣ እግሩ ስንዝር፣
ሆዱ ሣር እየጠረገ፣ ጢሙ ሸብቶ፣ እንደ ዕድር ዳኛ ሲንጎማለል በክብር።

በመጀመሪያው ቀን እኔ ልምራው አልኩ፤
በሦስተኛው ገመዱን አላላሁ፣ ተከተልኩ።
ከመቃብሩ አጥር ጀርባ፣
ሰማያዊ ሰረዝ ከተቀባባት ጥድ ሥር ወደ ግራ ታጥፎ ገባ፤
የኖራ ድንጋይ ጠጠሩ ከጫማዬ ሥር ይከዳል፣
ዛለ ይሉታል ወንዙን፤ እሱ ግን ሳይዝል ቁልቁል ይነጉዳል፤
ሣሩ መሐል ንብ ያረፈባት የመሰለች አንዲት አበባ አየሁ፣
ጎንበስ ብዬ ስጠጋት ንብ የለም፤ ንቡም አበባው ነው፤ ተታለልኩ፣ ሳቅሁ።
በስድሳ ስድስት ዓመቴ! ጫካ መሐል፣ ድምፄን አውጥቼ፣
ሩዲ ዞሮ አየኝ፤ «ጨረስክ?» ያለኝ መሰለኝ፤ ተነሣሁ አቃስቼ።

ግን ይቆማል። ያለ ምክንያት ይቆማል።
አንድ የበሰበሰ ጉቶ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ይቀመጣል፤
አይሸትት፣ እግሩን አያነሣ፣ ብስኩት ባሳየው ዞር አይል፤
አምስት ደቂቃ ያህል። ከዚያ ማንም ሳይጠራው ብድግ ይላል።

ማታ ለሂልትሩድ ነገርኳት። መስኮቱን እያየች ቆየች።
«ባሌ ሆርስት እዚያ ነበር የሚያጨስ፣ እኔ እንዳላውቅ» አለች፤
«አንድ ሲጋራ፣ አምስት ደቂቃ። ኮቱ ይነግረኝ ነበር» ብላ ሳቀች።
ከሞተ ስድስት ዓመቱ።
«ነገም» አለችኝ ደረጃው ላይ ስደርስ፣ «ነገም እስኪጨርስ ጠብቁት።»

ሳምንቱ ዓመት ሆነ።

ፊደል ያስቆጠሩኝ መሪጌታ፣ ግዕዙን ሲያስጠኑን፣
«ከልብ ማለት ውሻ ነው» ሲሉ፣ ሳቅ ያፍነን ነበር ሁላችንን።
ደሙ ደመ ከልብ ሆነ ይባላል፣ ፈላጊ ለሌለው ሬሳ፤
እዚህ ግን አንድ ከልብ አለ፣ ከልብ የሚጠብቅ፣ የማይረሳ።

በጥቅምት፣ ቅጠሉ መንገዱን ሸፍኖት፣ ከገደሉ አፋፍ ሳንደርስ፣
ደረቴን ወጋኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ ትንፋሼ እስኪመለስ።
ከታች ከተማዪቱ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁበት ፋብሪካ የክብሪት ሳጥን፤
ሩዲ አገጩን ጫማዬ ላይ ጥሎ፣ እኔንና ልቤን አዳመጠን።

ሐኪሙ ክኒን ሰጠኝ፣ «ቀስ እያልክ ሂድ» አለኝ። ሄድኩ። ረሳሁት።
በሦስተኛው ሳምንት፣ በደህና እግሬ፣ ያንን ድንጋይ ላልፍ ስል፣
ገመዱ ጎተተኝ።
ዞር ብዬ ባይ፣ ከድንጋዩ ጎን ቁጢጥ ብሏል፤
አይሸትት፣ እግሩን አያነሣ፣
እየጠበቀኝ ነው፣ የቆምኩትን ሰውዬ፣ እስክነሣ።

ተመልሼ ተቀመጥኩለት።