የለም፣ አለ

የጨርቃ ጨርቁ ሰርቪስ ጡሩንባ ሲነፋ፣
ሉባባ ጫማዋን አስራ ከደጅ ስትጠፋ፣
ረምላ ታለቅሳለች፣ ወለሉን እየዳኸች፣
እስከ በሩ ሄዳ ጣውላውን እየመታች።

ድሮ እንዲህ አልነበረም፤ በአምስት ወሯ ግድም
ማንም ቢታቀፋት ቅር አይላትም።
አሁን ዘጠኝ ወር ሞላት፤ ለካስ ገብቷታል፣
ከዓይን የራቀም ሰው አንድ ቦታ ይኖራል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር፤
አንዲት ክፍል ቤቴ፣ መኪናዬ ካልጋው ጋር።
ወሬ አልወድም ነበር፤ ደንበኛ ሲመጣ
ከዋጋ በስተቀር ካፌ ቃል አይወጣ።

ታዲያ ባለፈው ወር ውብዓለም የጤናዋ
ክትባት ልትጠይቅ ገብታ ከነሻንጣዋ፣
አየችን ሁለታችንን፣ ሁለት ዝምተኛ፣
"አንተ ሰው፣ አውራት እንጂ!" አለችኝ እንደ ዳኛ፤
"ገንፎ ብቻ አይደለም፣ ቃልም ይበላል፤
ባትመልስልህም ከሆዷ ይገባል።"

ምን ብዬ ላውራት እኔ?
እጄ ላይ ካለው ጀመርኩ፣ በገዛ ድምፄ እያፈርኩ፦
"ይሄ መቀስ ነው፤ ስለት ነው፤ አይነካም።
ይሄ ክር ነው፤ ቀጭን ነው፤ ቢጎትቱት አያልቅም።
ይሄ የሐጂ ሙሄ ሱሪ፣ ጉልበቱ ያለቀ፤
ይሄ ደግሞ ጠመኔ፤ አየሽው? ደቀቀ።"

እሷ አፌን ታያለች፤ ጣቷን ትሰድና
ከንፈሬን ትይዛለች፣ የቃሉን በር ልታጠና።
"ታ-ታ-ታ" ትላለች፤ መኪናው ነው መምህሯ፤
"አባ" ይቀድማል ስል፣ ስፌት ሆነ ነገሯ።

ሙዝ ቆርጬ ሰጠኋት፣ ራሷ ትያዘው ብዬ፤
ግማሹን ፀጉሯ በላ፣
ግማሹን ወለሉ፣
የቀረውን እሷ።

ያን ወለል በቀን ሦስቴ ተንበርክኬ አያለሁ፤
መርፌውን በማግኔት፣ ቁልፉን በእጄ እለቅማለሁ።
ሌባ ጣትና አውራ ጣቷ ሰሞኑን ተስማምተው፣
ጉንዳን የሚያክል ነገር ያነሳሉ መንጥረው፤
ከዚያ ወደ አፍ ነው።

ባዶውን የክር ኮን፣ ከጡጫዋ የሚሰፋ፣
በቁራጭ ቴትሮን ሸፍኜ፣ "ሄደ" አልኳት፣ "ጠፋ!"
መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ጨርቁን አየች።
ጎተተች።
ሳቀች፤ ሁለቱን ጥርሶቿን አሳየች።
ደግሜ ሸፈንኩት። "የለም!" ገልጣው፣ "አለ!"
እንዲህ እንዲህ ስንል
የነጂሚያ ቀሚስ ሳይዘመዘም ዋለ።

ትላንት ደግሞ የመኪናውን እግር ይዛ ቆመች፤
ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ፣ አንዴ ወደኔ ዞረች።
ያረቢ! ልይዛት ተነሣሁ፤ እጄን መለስኩት፤
ቁርጥራጩን ጨርቅ ግን ከሥሯ ከመርኩት።
ወደቀች። ተነሣች። ደግሞ ወደቀች።
እኔስ የመጀመሪያውን ኮት ስንቴ ተረተርኩት!

እናቷ ተደብቃ ነበር የምትወጣ፤
ዛሬ ግን ስማት ሄደች፦ "ነግቶ እስክመጣ።"
ረምላ አለቀሰች። አልዋሽም፣ አለቀሰች፤
ግን በሩን ጥቂት መትታ ወደኔ ተመለሰች፤
ከወንበሩ ላይ የቀረ የእናቷን ሻሽ ስባ፣
ፊቷ ከነእንባው ከሻሹ ሥር ገባ።

ፔዳሉን አቆምኩት፤ ቤቱ ጸጥ አለ፤
ከሻሹ ሥር አንድ ድምፅ፣ ቀጭን፦ "አ... ለ።"

ማን እንዳለ እንጃ። እሷ? እናቷ? ኮኑ?
እኔም ክሬን በጥሼ፣ "አለች" አልኳት፣ "አለች፤
ጨርቅ ውስጥ ነች እሷም፤ ክር እያጠነጠነች።"
ሰምታኝ ይሁን አይሁን፣ ጭኔ ላይ ተኛች።

የሐጂ ሙሄ ሱሪ ዛሬም ሳይጠገን አደረ።