ምክንያት፦ ምስማር

ከአራዳ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከልብስ ሰፊው ጎን፣
ሃያ ሦስት ዓመት ሸጥኩ፣ ምስማር፣ ቆርቆሮን።
ምስማር በኪሎ ነው፣ በሜትር ነው ሽቦ፣
ሰው ግን በፊቱ ነው ተመዝኖ፣ ታስቦ።
ዱቤ ላለኝ ሁሉ ዋስ አምጣ አላልኩም፤
ዓይኑን አየዋለሁ፣ ሌላ አልጠይቅም።
ከዚያ ሰማያዊ ደብተሬን ገልጬ፣
ስሙን አሰፍራለሁ ሳጥን ላይ ተቀምጬ።

ካቻምና ነው ድረስ፣ የእህቴ ልጅ፣ መጥቶ፣
ነቁጥ የሞላበት ወረቀት አውጥቶ፣
ከመዝጊያው ለጠፈው።
ክታብ መስሎኝ ነበር ደብተራ የጻፈው፤
ዓይነ ጥላ ሳይሆን ብር ነው የሚስበው።
«አጎቴ» አለ ስቆ፣ «ስልክ ያነበዋል፣
ገንዘቡ በአየር ኪስህ ይገባል።»

እውነቱን ነው፤ ገባ።
አሁን ሰው ይመጣል አንገቱን ደፍቶ፣
ስልኩን ይደቅናል፤ ዕቃውን አንስቶ
ይሄዳል። ኪሴ ውስጥ ጢን ይላል አንድ ነገር፤
ድሮ ግን መክፈል ማለት ወሬ ነበር።
ብር እየተቆጠረ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ አዘዞ መንገድ፣
መልስ ፍለጋ ደግሞ ከጎረቤት ሲኬድ፣
ስንት ሰርግ ተጠራሁ፣ ስንት ለቅሶ ሰማሁ፣
ዝርዝር ስላጣሁ!

አልዋሽም፣ ይመቻል።
የጭልጋው ባለ ወፍጮ ብሎን ሲሰበርበት፣
ድሮ ቀን ሙሉ ነው የሚመላለስበት፤
ዛሬ ብሩን ይልካል፣ ብሎኑ በሚኒባስ ይሄድለታል፣
ማታ ወፍጮው ይፈጫል።

ደግሞ አለ ሌላ ቀን፤ ኔትወርክ ይጠፋና፣
ከፒያሳ እስከ ማራኪ እጅ ሁሉ ወደ ላይ ይቀና፣
ስልክ እየዘረጋ፣ ምህላ እንደወጣ።
ያኔ ማን መጣ?
ደብተሬ! ድረስ ራሱ አቧራውን አራገፈለት፤
በማግስቱ ረሳው። እኔም ረሳሁት።

ከፋሲካ ወዲህ ሌባ መሳቢያዬን ቢሰብረው፣
እስክሪብቶዬን ብቻ ነው ይዞ የሄደው።
ሳቅንበት።

ገጽ ዘጠኝ ላይ ግን አንድ ስም እንዳለ ቀረ፤
አናጢው ጥላዬ፣ መቶ ስልሳ ብር የተበደረ።
«ሁለት ኪሎ ምስማር፣ አራት ማጠፊያ»፤
ልጁ ለምትተኛበት ክፍል በር መሥሪያ።
ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወረደ፣
ስልክም አልነበረው፤ በዚያው ነው የሄደ።
የሙት ሰው ዕዳ
አይጠየቅ፣ አይጣል፤ እንደ ቀረ እንግዳ
ወንበሩን ይዞ ይኖራል።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ ስድስት፣
ትራሴ ስር ስልኬ ጢን አለ በድንገት።
መነጽሬን ዳብሼ፣ ፊደሉን አቅርቤ፣
አነበብኩት ደጋግሜ፣ አልመለስ አለኝ ልቤ፦

«ከአንጓች ጥላዬ መቶ ስልሳ ብር ደርሶዎታል።
ምክንያት፦ የአባቴ ምስማር።»

ሰላምታ የለበት፣ ከየት እንደላከች፣
ቁጥሬን ማን ሰጣት? ስንት ዓመት አሰበች?
መቶ ስልሳ ብር ዛሬ ምስማር አይሞላም፤
ግን ሳንቲም አልጎደለም፣ ሳንቲም አልበዛም።
ብደውል አይነሳም።
እንደ ድሮው ቢሆን ሳጥን ስቤ፣ «ተቀመጪ» ብዬ፣
በሩስ ቆሟል ወይ እላት ነበር፣ የሠራው ጥላዬ?

ተነሳሁ። በስልኬ መብራት ደብተሬን ገለጥኩ፣
ገጽ ዘጠኝ ደረስኩ፣
ስሙ ላይ መስመር ላሰምር፣ በክብር ልሸኘው፣
መሳቢያዬን ሳብኩት፣ ኪሴን ፈተሽኩት፣ የመስኮቱን ጠርዝ ዳሰስኩት በጨለማው፤

እስክሪብቶ የለም።
ከዚያ ሌባ ወዲህ ገዝቼ አላውቅም።