ጨው አልቋል

ሦስት ስም ነበረሽ።
ካሜራው ሲበራ ኒና ነው የሚሉሽ፤
ባንኩ ወረቀት ላይ ኢላና ተጻፍሽ፤
ሦስተኛው የጓዳ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት እናትሽ የጠራሽ።
"ሌላው ይሸጥ" አልኩሽ፣ "ይህ ይቅር፣ ድንበር ነው።"
"አውቃለሁ" አልሽኝ፣ ኩልሽን እያበስሽ።

ሕጉን ያወጣነው ሌሊት ነው፣ ለሁለት፣
በመብራት ደረሰኝ ጀርባ ላይ፣ በእርሳስ፦
በቀን ብርሃን ይሁን፣ ሰው በሞላበት፤
መኪናው ውስጥ አትግቢ፣ ዶፍ ቢወርድ እንኳ፤
እኔ ከጎን ጠረጴዛ፣ እንደማላውቅሽ ሁሉ።
ክፉ ነገር ከሸተተሽ "ጨው አልቋል" ብለሽ ላኪ።
"ለምን ስኳር አይሆንም?" ብለሽ ሳቅሽ።
ስኳሩማ የደንበኛ ነው።

ናታኒያ፣ ማክሰኞ፣ አሥር ሰዓት ግድም፣
ከገደሉ በታች ባሕሩ ቆርቆሮ መስሎ ሲያንጸባርቅ
መጣ፤
ሸሚዙን የተኮሰ፣ ጆሮው የቀላ፣
ጣቱ ላይ ቀለበት የነበረበት ነጭ ክብ።
ከሐዴራ ነኝ አለ። ካልሲ አመጣልሽ፣ የሱፍ፤
"በጥር፣ እግሬን በረደኝ ብለሽ ነበር" ብሎ።
ሻዬን እያማሰልኩ፣ ክፉ አይመስልም አልኩ በሆዴ።
ክፉ ሁሉ ክፉ ቢመስል
ደረሰኝ ጀርባ ላይ ማን ሕግ ይጽፍ ነበር!

"እንውረድ" አለሽ፣ "በአሳንሰሩ፤ መኪናዬ ታች ነው፣
ባሕሩ ዳር ጸጥ ይላል።"
"እዚሁ ይሻለኛል" አልሽ፣
በደቂቃ የሚቆጠረውን ፈገግታሽን ፈገግ ብለሽ።
እሺ አለ። ብርጭቆውን ገፋ። ጎንበስ አለ።
"ቲሩዜር" አለሽ።

አንድ ማታ ከበሩ ኋላ ሴትዮ ስትጣራ ሰምቶ፣
ደጋግሞ አድምጦ፣ ፊደል በፊደል ለቅሞ፣
ይዞት መጣ፤ እንደ ካልሲው ሁሉ
ስጦታ መስሎት።

ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ጨው አልቋል።
ወንበሬ ወደቀ፤ ሻዩ ጭኔ ላይ ፈሰሰ፤
"አንቺ! እዚህ ነሽ? ልጁ ታሟል፣ ተነሺ!"
(የማን ልጅ እንደሆነ እንጃ)
ክንድሽን ይዤ ወጣሁ። ካልሲው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።
አልተከተለንም። ደግ ስለሆነ ይሁን፣ ሰው ስላየው፣
እስከ ዛሬ አላውቅም።
አውቶቡስ ሁለት ጊዜ ቀየርን።

ቤት ስንገባ እናትሽ፣
"ልጄ በኮምፒውተር ታስተምራለች" ለጎረቤት የምትለዋ፣
ሽንኩርት ትከትፋለች።
"እማ፣ ከዛሬ ጀምሮ ኢላና በይኝ።"
"ምን ማለት ነው ኢላና?"
"ዛፍ።"
ቢላዋው ቆመ።
"ጥሩ ዘር ብዬ ያወጣሁልሽ እኔ፤
ዘሩ ምን ሆኖ ነው ዛፉ ብቻ የሚጠራው?"
መልስ አልነበረሽም፤ እኔም አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ራት ሲደርስ ስም አትጠራም።
በማንኪያ፣ ሁለቴ፣ በሩን ትመታለች።